ዋጋ ያልጠየቁ ገዢዎች

የምሸጣቸውን መኪኖች የሚሠራው የጃፓን ኩባንያ ታሪክ በቃሌ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ያለው የመኪና ዲለር የቀጠረኝ ጊዜ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ከሌሎች አዳዲስ ሻጮች ጋር አስቀምጠው፣ ጠረጴዛው ላይ ዶናት ደርድረው፣ ኩባንያው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በስላይድ አሳዩን። ሌሎቹ ዶናታቸውን እየበሉ ስልካቸውን ይነካካሉ። እኔ ግን አገር ቤት የተማርኩ ሰው ነኝና፣ አንድ ሰው ሰሌዳ ፊት ቆሞ የተናገረው ነገር ሁሉ ፈተና ላይ የሚመጣ መስሎኝ ቤቴ ወስጄ ሸመደድኩት። ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። ማናጀሩ ራሱ ታሪኩን የእኔን ያህል እንደማያውቀው የገባኝ ቆይቶ ነው።

ልፋቴ ከንቱ እንዳይቀር ብዬ ለደንበኞቼ እነግራቸው ጀመር። የእኛ ሰው ደግሞ መኪና ሲገዛ ልጁን የሚድር ይመስል ዘር ማጣራት ይወዳል፤ የማን ልጅ ነው፣ ምን ሠርቶ አደገ፣ ቤተሰቡ ጤነኛ ነው ወይ ይላል። ስለዚህ ታሪኩ ጠቀመኝ። ከፌርፋክስም ከሎረልም እኔን ብለው የሚመጡ አሉ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨርቅ ነው። የመጀመሪያው ሰውዬ የሽመና ማሽን ሠሪ ነበር። የማሽኑ ብልሃት አንድ ክር ሲበጠስ በራሱ መቆሙ ነው፤ ካልቆመ ጨርቁ እንዳለ ይበላሻል። ልጁ ከሽመናው ወደ መኪና ሲሻገር ያችው ብልሃት አብራ ተሻገረች። ፋብሪካው ውስጥ ስህተት ያየ ሠራተኛ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አጠገቡ የተንጠለጠለውን ገመድ ሲስብ የማምረቻው መሥመር ይቆማል። ከዚያ ነዳጅ የተወደደ ጊዜ፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ጀልባ የሚያህል መኪና ሲነዳ፣ እነሱ ነዳጅ የማይጠጡ ትንንሽ መኪኖች ይዘው ከተፍ አሉ። መጀመሪያ ተሳቀባቸው፣ በኋላ ተገዙ። እግረ መንገዳቸውን ጠንካራ የመስክ መኪኖቻቸውን ወደ በረሃውና ወደ ተራራው አገር ላኩ። ቀጥሎ በቤንዚንና በባትሪ የሚሄደውን ሃይብሪድ አመጡ። እሱም ተሳቀበት፣ እሱም ተገዛ። ዛሬ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ዙሪያውን ቢያይ ከእነሱ መኪና ሌላ የሚያየው ጥቂት ነው።

ይህን ታሪክ ከነገርኳቸው ሰዎች መካከል አባቴን ያህል የተከራከረኝ የለም።

አባቴ ደሴ ነው የሚኖረው፤ ዕድሜ ልኩን የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የነዳውም የዚሁ ኩባንያ የመስክ መኪና ነው። ስላይዱ ላይ ገበያቸው ወደ አፍሪካ እንዴት እንደተስፋፋ የሚያሳይ፣ መኪና አሸዋ ላይ ቆሞ የተነሳው ፎቶ ነበር። አስተማሪው ስለ ገበያ ሲያወራ እኔ የማየው መሪውን ማን እንደያዘው ነበር። ሾፌሩ በፎቶው ላይ አይታይም።

አባቴ ጠዋት መኪናውን ሲያስነሳ ቶሎ አይሄድም ነበር። ጆሮውን ሰጥቶ ይቆያል። «ደህና አድራለች» ካለ በኋላ ነው ማርሽ የሚያስገባው። ሁልጊዜ ልክ ነበር ማለቴ አይደለም። ደህና አድራለች ባላት በዚያው ጠዋት ሐይቅ መንገድ ላይ ገትራው ታውቃለች፤ ያን ቀን እናቴ ማታ እራት እስኪቀርብ ስትስቅበት ነበር።

እሁድ እሁድ ስደውልለት ከጤናዬ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ስለ ሃይብሪዱ ነበር።

«ያ ድምፅ የሌለው መኪና አሁንም ይሸጣል?»

«ይሸጣል አባዬ። ሰው ተመዝግቦ ወረፋ እየጠበቀ ነው የሚገዛው።»

«ሲነሳ ካልተሰማ መነሳቱን በምን ያውቃሉ?»

«ዳሽቦርዱ ላይ ይጽፍላቸዋል።»

«ካልጻፈስ?»

እዚህ ላይ ወሬ እለውጣለሁ። እሱም እንደምለውጥ ስለሚያውቅ ጥያቄውን በየሳምንቱ ያነሳዋል። ኩባንያው ከገበያ ይወጣል ብሎ በተነበየ ቁጥር ኩባንያው ይስፋፋል፤ እሱ ግን ትንቢቱን አልቀየረም። አንድ እሁድ ብቻ ስለ መኪናው አልጠየቀኝም። «ደክሞኛል፣ እህትሽን ላገናኝሽ» ብሎ ስልኩን ሰጣት። እህቴ ጉንፋን ነው አለችኝ፣ አመንኳት።

ከዚያ እሁድ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ አንድ ቀን ጠዋት ባለቤቴ ስልኬን ተሳስቶ ይዞ ሄደ። የእሱን ትቶልኛል፤ መክፈቻ ቁጥሩን ግን አላውቀውም። ተናደድኩ። የእኔ ስልክ ቀይ ልባስ አለው፣ የእሱ ጥቁር ነው፤ እነዚህን የሚያሳስት ሰው እንዴት ታክሲ ይነዳል እያልኩ ሜሪላንድ ካለው ቤታችን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ ለብቻዬ ስጨቃጨቅ ሄድኩ።

ከምሳ በፊት የሾውሩሙ በር ተከፈተና ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ደርግ አገር ጥለው እንዲወጡ ካደረጋቸው ከቀደሙት አንዱ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ሁለተኛዋ ጎረቤቴ ናት፤ አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጋሼ ሙሉ ልብስ ለብሰው ክራቫት አስረዋል። ጎረቤቴ በዚያ ሰዓት ሺፍት ላይ መሆን ነበረባት።

«መኪና ልንገዛ ነው የመጣነው» አሉ ጋሼ።

«ለማን?»

«ለእኔ ነዋ። የእኔዋ አርጅታለች።»

የእሳቸው መኪና ያረጀችው እኔ እዚህ አገር ሳልመጣ ነው። ያችን ትልቅ የአሜሪካ መኪና ሽጡ ያላቸውን ሰው ሁሉ ተቆጥተውታል። ደግሞስ መኪና ለመግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ዲለር ጠፍቶ ነው? ደስ አለኝ ግን። እኔን ብለው መምጣታቸው ነው ብዬ ወንበር ሳብኩላቸው። ጎረቤቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዚፑ በደንብ አልተዘጋም፤ የነጠላ ጫፍ ይታያል። ነጠላ ይዞ መኪና ግዢ የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም ነበርና ዓይኔ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየ።

በሩ አጠገብ የቆመውን ሃይብሪድ አሳየኋቸው። ዋጋውን ነገርኳቸው። ጋሼ ማለት ነዳጅ ማደያ ውስጥ፣ ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ዋጋ እያዩ፣ «መጨረሻው ስንት ነው?» የሚሉ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ገበያ መሄድ የሚያሳፍረው ልጃቸውን ብቻ አይደለም። ስለዚህ ዋጋውን ተናግሬ እጄን አጣጥፌ ጠበቅኩ።

«ደግ ነው» አሉ።

አንድ የእኛ ሰው፣ ያውም ጋሼ፣ የመኪና ዋጋ ሰምቶ ደግ ነው ካለ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ እኔም ስንቱን አጅቤ ሄጃለሁ። በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን እያለ አይነገርም። መሪ የያዘ ሰው ደግሞ በጭራሽ አይነገረውም። ቤቱ ወንበር ተደርድሮ፣ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ሐዘንተኛው በዘዴ ተታልሎ ከመጣ በኋላ ነው። ስልኩን መሰወርም ያለ ነው፤ ፌስቡኩ ቀድሞ እንዳያረዳው። ወሬው የደረሰው ንጋት ላይ ነበር፤ ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ሰው መሰብሰብ ስላቃተው ስልኬን ይዞ ወጣ። ይህን የሰማሁት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ሳይነግረኝ ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ቀይና ጥቁር የሚያሳስት ሰው የለም። ስለ መኪናው ያልጠየቀኝ እሁድ ትዝ አለኝ፣ ማን እንደሆነም አወቅሁ።

ምን ተሰማሽ ብትሉኝ ምንም። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ መርፌ የወጋኝ ቀን እንዲህ ነበርኩ፤ አፌ አለ፣ ግን የእኔ አይደለም። የመኪናው ጎማ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት አየሁ። ጋሼ አንገታቸው ላይ ክራቫቱ ጠማማ መሆኑን አየሁ። አባቴ የሚለው ቃል አእምሮዬ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ አጠገቡ የሚቆም ሌላ ቃል አልመጣም።

የመጣልኝ አንድ ሐሳብ ብቻ ነው። ቤት ሳልገባ አይነግሩኝም። ቤት የምገባው ከእነሱ ጋር ስወጣ ነው። ከእነሱ ጋር የምወጣው ወሬዬን ስጨርስ ነው። ስለዚህ አልጨረስኩም።

«ጋሼ፣ ይህን መኪና ከመግዛትዎ በፊት የሠራውን ኩባንያ ታሪክ ማወቅ አለብዎት» አልኩ።

«ይሁን፣ ንገሪኝ» አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታሪኩን ለልጆችሽ፣ እኔን ጋሎኑ ስንት እንደሚያስኬድ ንገሪኝ ይሉ ነበር።

ከመጨረሻው ጀመርኩ፣ ወደ መጀመሪያው ስመለስ ይረዝማል ብዬ። ባትሪው ከምን እንደሚሠራ ነገርኳቸው። ፍሬን ሲያዝ ኃይሉ እንዴት ተመልሶ ባትሪው ውስጥ እንደሚገባ፣ ሌሎች ኩባንያዎች እንዴት እንደሳቁ፣ ከዚያ እንዴት እንደኮረጁት ነገርኳቸው። ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚሰማ ደንበኛ አላጋጠመኝም። መሐል ላይ ማናጀሬ ከቢሮው ወጥቶ ፊቱን አሳዝኖ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ለካ ጠዋት ደውለው ፈቃድ ሲጠይቁልኝ ነግረውታል። በእሱ አገር ደንብ ሰው ሲሞት ወዲያው አይ ኤም ሶሪ ይባላል። ጎረቤቴ ከወንበሯ ተስፈንጥራ መሐላችን ገባችና ቀዩን መኪና እያሳየች «ዲስ ዋን፣ አዘር ከለር የለውም?» አለችው። ክንዱንም ይዛ ወደ ቀዩ መኪና ወሰደችው። ቀይ መኪና ማንም አልፈለገም።

ተመልሳ ስትቀመጥ ሽመናው ላይ ደርሻለሁ።

«ሸማኔ ነበር በዪኛ» አሉ ጋሼ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

«ሸማኔ ሳይሆን የሽመና ማሽን ሠሪ። ማሽኑ ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆማል።»

«ክሩ መበጠሱን ማን ይነግረዋል?» አለች ጎረቤቴ።

ጥያቄውን የጠየቀችው ወሬ እንዳይቋረጥ ብላ ይመስለኛል። ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ራሷ ደነገጠች። ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

«ማንም አይነግረውም» አልኩ። «በእያንዳንዱ ክር ላይ ትንሽ ቀጭን ብረት ተንጠልጥላለች። ክሩ ሲበጠስ ትወድቃለች። ስትወድቅ ማሽኑ ይቆማል።»

ከመለዋወጫ ክፍሉ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። ቀጠልኩ። ትንንሾቹን መኪኖች ነገርኳቸው፣ እዚህ አገር ፋብሪካ የከፈቱበትን ነገርኳቸው፣ ለሀብታሞች ሌላ ስም ያለው መኪና ያወጡበትን ነገርኳቸው። ከዚያ ገበያቸው ወደ አፍሪካ የተስፋፋበት ጋ ደረስኩ። የመስክ መኪናው አሸዋው ላይ ቆሟል። ቀጥሎ የሚመጣው ምን እንደሆነ ጠፋብኝ። ስንት ጊዜ ያወራሁትን፣ ተኝቼ ብጠየቅ የምመልሰውን፣ አፌን ከፍቼ ጠበቅኩት፤ አልመጣም።

ጋሼ ቀስ ብለው ተነሱ። «በይ እንግዲህ፣ ነድተን እንየው» አሉ።

ጋቢና ከእሳቸው ጎን ተቀመጥኩ፤ ጎረቤቴ ከኋላ ገባች። ጋሼ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫኑ። ጸጥ።

«አልተነሳም» አሉ።

«ተነስቷል ጋሼ።»

«ምንም አልሰማሁም እኮ ልጄ» ብለው እንደገና ተጫኑት፤ ያን ጊዜ ጠፋ።

አባቴ ይህን ቢያይ ለሳምንት ወሬ ይሆነው ነበር። እሁድ ልነግረው ብዬ አሰብኩ። እንደዚህ ነው ያሰብኩት፣ እያወቅሁ።

ዲለራችን ቴስት ድራይቭ የሚያስደርገው ሰፈሩን ዞሮ ለመመለስ ነው። ጋሼ መታጠፊያውን አለፉ፣ ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት አውራ ጎዳና ላይ ወጡ። ድልድዩን ተሻግረን ሜሪላንድ ስንገባ ጎረቤቴ ከኋላ ሆና «እግረ መንገዳችንን ቤት ጎራ ብለን ውሃ ብንጠጣስ?» አለች። ፖቶማክን ተሻግሮ ውሃ የሚጠጣ ሰው የለም። «ጥሩ ነው» አልኳት። እንዴት እንደምሆን አሰብኩ። እነዚህ ሰዎች ከሥራ ቀርተው፣ ክራቫት አስረው፣ ከሰው ወንበር ተውሰው ነው የደከሙልኝ። ሲነግሩኝ ዝም ብል ባለቤቴ ያፍራል፣ አባቷን አትወድም ይባላል። መቼ እንደምጮህ፣ በየት በኩል እንደምወድቅ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ሄድኩ። የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነበር፣ እንዳላሳፍራቸው መፍራት።

ሰፈራችን ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኙ በመኪና ተሞልቷል። ሁሉም ማለት ይቻላል የዚያው ኩባንያ ናቸው። ግማሾቹን የሸጥኳቸው እኔ ነኝ፤ በታርጋቸው አውቃቸዋለሁ። ለማን እንደመጡ ለማያውቅ ሰው የእኛ ዲለር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የተዛወረ ይመስለዋል።

ጎረቤቴ ቀድማ ወርዳ ሮጠች፣ መምጣታችንን ለመናገር። እኔና ጋሼ ቀረን። ጋሼ ቁልፉን ተጫኑና እጃቸውን ሳያነሱ ቆዩ።

«ጠፍቷል?» አሉኝ።

«ጠፍቷል ጋሼ።»

«ድምፅ ስለሌለው እኮ ነው።»

«አዎ።»

ሁለታችንም አልወረድንም። መስታወቱ ላይ የረገፈ ቅጠል ተለጥፏል። እሱን እያየሁ፣ «ጋሼ፣ አውቄዋለሁ» አልኩ።

ወደ እኔ አልዞሩም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ዋጋውን ሳይከራከሩ ሲቀሩ።»

መሐረባቸውን አወጡና አፋቸውን ጠረጉ። ከዚያ ዓይናቸውን። «ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ስለ ሸማኔ ስታወሪልን…»

«እኔ ሳወራ እርስዎ አይነግሩኝም። እርስዎ ካልነገሩኝ አልሞተም።»

ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። በአካል አይተውት ለማያውቁት ለአባቴ፣ መሪው ላይ ግንባራቸውን አስደግፈው አለቀሱ። ጀርባቸውን መታ መታ እያደረግኩ አባበልኳቸው። እጄ ይንቀሳቀሳል፤ የእጄ ሥራ መሆኑን አያለሁ እንጂ ምንም አይሰማኝም። ሲረጋጉ፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አሉ። «ቤት ያለው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ሲጨነቅ ነው የዋለው። ባልሽም ፈርቷል። እንደማታውቂ ሆነሽ ግቢ። እኔ እነግርሻለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ክራቫታቸውን አቃናሁላቸው።

በሩ ክፍት ነበር። ወንበሩ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድሯል፣ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ ቆሟል። ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ነው፤ ቀዩ ስልኬ እጁ ውስጥ አለ። ማንም ዓይኔን አያየኝም። ጋሼ መሐል ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አሁን ያለቀሱ ሰው አይመስሉም ነበር። የለመዱትን ረጅሙን መግቢያ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

«ልጄ» አሉ። «አባትሽ አርፈዋል።»

ይህንን ከእኩለ ቀን በፊት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጩኸቴንም አዘጋጅቻለሁ፤ ከየት እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን እኔ ያዘጋጀሁት አልነበረም።

ወለሉ ላይ ሳለሁ ጎረቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ ነጠላውን አወጣችና ወገቤን አሰረችኝ። ጥለቱን ሳየው አወቅሁት። ከቁም ሳጥኔ የወጣ የራሴ ነጠላ ነው፤ ሾውሩም ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣው የዋለችው ለእኔ ነበር።